አባባ፣ ሕመምዎን አይሸሽጉኝ

ውድ አባቴ፣

የሳንባ ካንሰሩ ወደ ጉበትና ወደ አጥንት መሰራጨቱ ከተነገረን ወዲህ በስልክ ስንገናኝ ወሬያችን ሁሉ ስለ ልጆቹ ሆኖ ቀርቷል። ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ትልቁ ፈተናውን አልፏል፤ ትንሿም ማንበብ ከጀመረች ወዲህ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች፣ «አያቴ መቼ ይመጣል?» እያለችም ትጠይቃለች። ደብዳቤውን የጀመርኩት ግን ለሌላ ጉዳይ ነው።

ሌሊት ሲያቃስቱ እንደሚያድሩ፣ ጠዋት ሲጠየቁ ግን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እንደሚሉ ወንድሜ ነግሮኛል። የታዘዘልዎትን ሞርፊን ለባሰ ቀን ብለው አስቀምጠውታል አሉ። አባባ፣ የካንሰር ሕመም አንዴ ከበረታ ለማስታገስ ስለሚያስቸግር መድኃኒቱ ሐኪሙ በወሰነው ሰዓት፣ ሳይዘለል መወሰድ አለበት፤ ሐኪም ባዘዘው መጠን ሲወሰድም ሞትን አያፋጥንም። ሆድ ማድረቁ አይቀርምና ማለስለሻውን አብረው ይውሰዱ። ኬሞቴራፒው ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚቀንስ ትኩሳትዎ 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ አዲስ የጀርባ ሕመም ወይም የእግር መዛል ከተሰማዎትም እንዲሁ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያይዎት ይገባል።

የማስታገሻ ሕክምና ባለሙያዎችን «ገና አልደረስኩም» ብለው መመለስዎ አሳዝኖኛል። ሥራቸው ከኬሞቴራፒው ጎን ለጎን የሚሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት፣ እንደ እርስዎ የሳንባ ካንሰር የተሰራጨባቸው ሕሙማን ይህን እንክብካቤ ከመጀመሪያው ሲያገኙ ኑሯቸው እንደተሻሻለ፣ ድባቴያቸው እንደቀነሰ፣ በአማካይም ረዘም ላለ ጊዜ እንደኖሩ አሳይቷል።

እማዬ ስትታመም «ትምህርቷ እንዳይስተጓጎል» ተብሎ ሕመሟ ተሸሸገብኝ። የተጠራሁት መናገር ካቆመች በኋላ ነበር፤ እጄን ጨብጣ ዓይኖቿ ሲንከራተቱ ምን ልትለኝ እንደፈለገች እስከ ዛሬ አላውቅም። ለእኔ ብለው እንዳደረጉት አይጠፋኝም፤ ብቻዎን ሆነው ያሳደጉኝና ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። ቢሆንም ቅያሜው አልወጣልኝም፣ ዛሬም ያንኑ እያደረጉብኝ ነው።

ይሞታሉ ብዬ እፈራለሁ። ከዚያ አብልጬ የምፈራው ግን ምን እንደሚፈልጉ ሳልሰማ ለእርስዎ እንድወስን መገደዴን ነው። መድከሙ ሲመጣ ቤትዎ መሆን ይመርጣሉ ወይስ ሆስፒታል? ራስዎ መናገር ቢያቅትዎ ማን እንዲናገርልዎት ይፈልጋሉ? ስለ ቤቱ ወረቀትም ወንድሜና እኔ ፊት ለፊት ሆነን ከእርስዎ አፍ ብንሰማው ኋላ አንጣላም።

ፈቃድ እንዳገኘሁ እመጣለሁ። እስከዚያው ዛሬ ማታ ወንድሜ ሕመምዎ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ ይጠይቅዎታል፤ እባክዎ እውነተኛውን ቁጥር ይንገሩት፣ እርሱም ለሐኪሙ ያደርሳል።

የምትወድዎት ልጅዎ