በአንዲት ጎሚኒ የተዘጋ መጸዳጃ ቤት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል አባላት፤

በሰሜን ሸዋ ደጋ በሚገኝ፣ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል በሚያስተምር አነስተኛ የገጠር ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ስለ ገጠር ትምህርት ቤቶች ውሃና መጸዳጃ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወሳው ያልተሠራው ነው፤ እኔ የምጽፍላችሁ ግን ተሠርቶና ተመርቆ፣ በሪፖርትም ላይ ሰፍሮ አገልግሎት ስለማይሰጠው ነው።

በግቢያችን ጉድጓድ ተቆፍሮ አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ተተክሎ ነበር፤ በተጨማሪም ለሴትና ለወንድ የተለየ ባለ አራት በር መጸዳጃ ቤት ተሠርቷል። ፓምፑ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳያገለግል ውሃ መሳብ አቆመ። ፈትቶ ያየው የአካባቢው ሠራተኛ የፒስተኑ ጎሚኒ፣ ማለትም ውሃው እንዳያመልጥ የሚያጠብቀው ጎማ፣ ማለቁን ነገረን። አፍሪዴቭ የመንደር ሰው ራሱ ፈትቶ እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ፓምፕ ሆኖ ሳለ፣ በመዳፍ የምትያዘዋን ጎማ ግን በወረዳው ከተማ ሱቆች ዞረን አጣናት። ለውሃው ዘርፍ ብናመለክት የትምህርት ቤት ፓምፕ የትምህርት ዘርፉ ነው ተባልን፤ ወደ ትምህርት ዘርፉ ብንሄድ ደግሞ ውሃ የእኛ ሥራ አይደለም አሉን። የቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ከየአባወራው የሚሰበስበው መዋጮ ለመንደሩ ውሃ እንኳ ስለማይበቃ በእርሱ አልፈርድም።

ውሃው ሲቋረጥ መጸዳጃ ቤቱም ተከተለ። ወለሉ የሚታጠብበት ውሃ በመጥፋቱ ሽታውና ዝንቡ ከክፍል ድረስ ስለሚደርስ በሮቹ በጓጉንቸር ተዘጉ፤ ቁልፉ በርዕሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይወጣል። ወንዶቹ ከግቢው ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ይሄዳሉ። ከአምስተኛና ከስድስተኛ ክፍል ሴቶች መካከል ዕድሜያቸው ከፍ ያሉት የወር አበባ ያያሉ፤ የስም መጥሪያ መዝገቤን ወደ ኋላ ገልጬ ስመለከት የተወሰኑት በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ይቀራሉ። ስጠይቃቸው «እናቴ ታማ ነው» ይሉኛል። እኔም ወንድ መምህር በመሆኔ አጥብቄ አልጠይቅም።

አሁን ልጆቹ ጠዋት ጠዋት በሃይላንድ ላስቲክ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ እያመጡ በአንድ በርሜል ያጠራቅማሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ቤቶች ባወጣው መመዘኛ ለአንድ ተማሪ በቀን 5 ሊትር፣ ለ25 ሴት ተማሪዎችም አንድ መጸዳጃ ያስፈልጋል። ባለፈው ጥቅምት የእጅ መታጠብ ቀን በግቢያችን ሲከበር ባነር ተሰቅሎ ሳሙና ታድሏል፤ ልጆቹ ፎቶ ሲነሡ እጃቸውን የታጠቡበት ውሃ ግን በአህያ ተጭኖ የመጣ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የዋን ዋሽ (የውሃ፣ የመጸዳጃና የንጽሕና) ብሔራዊ ፕሮግራም የውሃ፣ የጤና፣ የትምህርትና የገንዘብ ሚኒስቴሮችን ያስተሳሰረው እንዲህ ያለውን መገፋፋት ለማስቀረት ነበር፤ የትምህርት ቤቶች ውሃና መጸዳጃም በውስጡ ተካቷል። ስምምነቱ ላይ ጥያቄ የለኝም። የምጠይቀው በወረዳ ደረጃ ፓምፕ የሚተክለው አካል ጎሚኒውንና ዘንጉን በመጋዘን እንዲያስቀምጥ፣ ለጥገናውም በስም ተለይቶ የሚጠየቅ ባለሙያ እንዲመደብ፣ ትምህርት ቤቶች በሪፖርት ሲቆጠሩም «ተሠርቷል» ከሚለው ሳጥን አጠገብ «ዛሬ ውሃ ይሰጣል ወይ?» የሚል ሌላ ሳጥን እንዲጨመር ነው።

የፓምፑ እጀታ ልጆች እንዳይሰብሩት በሰንሰለት ታስሯል። ጎሚኒውን ይዞ የሚመጣ ቢገኝ የሰንሰለቱ ቁልፍ በጥበቃው እጅ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ መምህር፣ ከሰሜን ሸዋ