የክረምት ፓራሊምፒክ እኛንም ያገባናል

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የአካል ጉዳተኞች የበረዶ ስፖርት ውድድር የሆነው የክረምት ፓራሊምፒክ ስም በተነሳ ቁጥር «በረዶ ለሌለው አገር ምኑ ነው?» የሚለው ሰው ይበዛል። እኔ ያገባናል ባይ ነኝ። አካል ጉዳተኛ ስፖርተኞቻችንን በረዶ ላይም አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ለብሰው ባያቸው ደስታዬ ወደር የለውም።

ሰበቡ በረዶ ከሆነ፣ ኡጋንዳም በረዶ ተርፏት አይደለም። የመጀመሪያው የክረምት ፓራሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ1976 ስዊድን ውስጥ ሲካሄድ፣ ማየት የተሳነው ቶፊሪ ኪቡካ ኡጋንዳን ወክሎ ተወዳድሯል። በኛም በኩል ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 የቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ በስኪ፣ ማለትም ረጅም ጠፍጣፋ መንሸራተቻ እግር ላይ አስሮ በረዶ ላይ በመሄድ ውድድር፣ ተሰልፎልናል።

አገር አቋራጭ ስኪ የትንፋሽና የጽናት ስፖርት ነው። ማየት የተሳናቸው ሲወዳደሩ መሪው ከፊት ይንሸራተታል፤ ተወዳዳሪው ድምፁን ይከተላል። ከመሪ ጋር መወዳደር ደግሞ ለኛ ልጆች አዲስ አይደለም። ያየሽ ጌቴ በፓሪስ 2024 የ1500 ሜትር ወርቅ ያመጣችው ከመሪ ሯጯ ጋር ነው።

መራመድ የማይችሉት ስኪ ላይ በተገጠመ ወንበር ተቀምጠው፣ በሁለት ዘንግ በረዶውን እየገፉ ይሄዳሉ። ሥራው የክንድና የትከሻ ነው። ይህን ሳስብ ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ጠዋት የማየው ወጣት ትዝ ይለኛል። በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት እግር ብስክሌቱን ዳገት ሲያወጣ፣ ውርጩ ገና ሳይለቅ ግንባሩ ላይ ላብ ይታያል። ጓንቱ መዳፉ ላይ ተበልቷል። ሰው ሊገፋለት ሲጠጋ «ተወው፣ እወጣዋለሁ» ይላል። ይሄ ሁሉ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው እንግዲህ። እሱ ግን የሚወጣው ለዕለት ሥራው ነው። ና ተወዳደር ያለው የለም።

ለመጀመር የግድ በረዶ አያስፈልግም። የበረዶ አገሮቹ ራሳቸው በበጋ የሚለማመዱት ጎማ ባለው ስኪ፣ አስፋልት ላይ ነው። አስፋልት እኛም አለን። ስኪውን የሚገዛና አሠልጣኝ የሚያመጣ ነው የጠፋው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ አካል ጉዳተኛው ልጅ ዳር ተቀምጦ የጓደኞቹን ሹራብ ይጠብቃል። ሁሉም ሲሮጥ እሱ ሹራብ ታቅፎ ያያል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ለውድድር ምርጫ ሲመጣም ስሙ አይነሳም። የስፖርት መምህራን፣ እባካችሁ ሹራቡን ተቀበሉትና እሱንም ሜዳ አስገቡት። ብሔራዊ ቡድን ሌላ ቦታ አይጀመርም።

እናንተም የኢትዮጵያ ፓራሊምፒክ ኮሚቴን ጠይቁልን። የበረዶ ስፖርት ለመጀመር ታስቧል ወይ? ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከጣርማበር ደጋ ልጆች የሚመለመሉበት መንገድስ አለ? መልሱን በስፖርት ገጻችሁ እንጠብቃለን።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ