የአቪዬሽን ክበብ ዘገባ፦ ገዢ ያጣው ኤፍ-20

የአቪዬሽን ክበባችን ዓመቱን ሙሉ ያጠናው አንድ አውሮፕላን ብቻ ነው፤ እርሱም የአሜሪካው ኖርዝሮፕ ኩባንያ የሠራው፣ የየትኛውም አገር አየር ኃይል ግን ያልታጠቀው ኤፍ-20 ታይገርሻርክ ነው። አባላቱ መጀመሪያ የመረጡት በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት አብራሪዎቻችን የሶማሊያን ሚግ-21 አውሮፕላኖች የገጠሙበትን ኤፍ-5ን ነበር፤ ኤፍ-5 ታናሽ ወንድም እንዳለው ሲሰሙ ግን ሐሳባቸውን ቀየሩ።

የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት በስሌት አለፈ። ኤፍ-5ኢ እያንዳንዳቸው 5,000 ፓውንድ የሚገፉ ሁለት ሞተሮች ሲኖሩት፣ ኤፍ-20 በእነርሱ ፈንታ 17,000 ፓውንድ ገደማ የሚገፋ አንድ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሞተር ስለተገጠመለት፣ ፍጥነቱ ከድምፅ 1.6 እጥፍ ወደ 2 እጥፍ ከፍ ብሏል። አባላቱ 14.4 ሜትር ርዝመቱንና 8.1 ሜትር የክንፉን ስፋት በሰልፍ ሜዳው ላይ በኖራ ካሰመሩ በኋላ በትንሽነቱ ያልተገረመ አልነበረም። በሃያ እጅ አንሶ ከካርቶን የተሠራው 72 ሴንቲ ሜትር ሞዴል በወላጆች ቀን አፍንጫው ተሰብሮ (ሰባሪው እስካሁን አልታወቀም) ዓመቱን የጨረሰው በፕላስተር ታስሮ ነው።

ከሁሉ በላይ ያከራከረን «ይህን የመሰለ አውሮፕላን ለምን አልተሸጠም?» የሚለው ጥያቄ ነው። ኩባንያው የካርተር መንግሥት ለውጭ ገበያ የሚሆን ተዋጊ ጄት እንዲሠራ ሲያበረታታ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከራሱ ካዝና አወጣ፤ አውሮፕላኑ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲበርር ግን የሬገን መንግሥት የአሜሪካ አየር ኃይል የታጠቀውን ተዋጊ ጄት ኤፍ-16ን ራሱን ለብዙ አገሮች መሸጥ ጀምሮ ነበር፣ ዋና ገዢ ትሆናለች የተባለችው ታይዋንም ከቻይና ጋር ባለው ጉዳይ ተከለከለች። ከተሠሩት ሦስቱ ሁለቱ በ1984 በደቡብ ኮሪያ፣ በ1985 በካናዳ ከነአብራሪዎቻቸው ወደቁ፤ ምርመራው ግን በማሽኑ ላይ ጥፋት አላገኘም። በ1986 የአሜሪካ አየር ኃይል ለአገር ውስጥ የአየር መከላከያ ኤፍ-16ን ሲመርጥ ፕሮጀክቱ ተዘጋ።

በሚኒ ሚዲያው ክርክር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ባለቤቱ ያልቀመሰውን ጠላ እንግዳ እንዴት ይጠጣል?» ስትል ጠየቀች፤ እኔ በሦስት ዓርቦች ለማስረዳት የደከምኩበትን እርሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ሌሎቹ ግን ጥፋቱን አሁንም በታይዋን መከልከል ላይ ያደርጋሉ።

ለሚቀጥለው ዓመት ሞዴል የፍሪጅና የቴሌቪዥን ካርቶን ያላችሁ ወላጆች እንዳትጥሉብን በትሕትና እንጠይቃለን።