የጦሳን የእግር መንገድ ውሃ እየበላው ነው፦ ለደሴ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.
ደሴ

ይድረስ ለክቡር ከንቲባ፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔ ፒያሳ ትንሽ ሱቅ ያለኝ የከተማዎ ነዋሪ ነኝ። አትሌት አይደለሁም። ዕድሜዬም ወደ 40 እየተጠጋ ነው። ግን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሱቄን ከመክፈቴ በፊት፣ የጦሳን ተራራ በሩጫ ወጥቼ በሩጫ እወርዳለሁ። "በሩጫ" ስል ያው ግማሹን ዳገት እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እያለከለክሁ ነው። ብቻዬንም አይደለሁም። ስምንት ዘጠኝ እንሆናለን። አስተማሪ አለ፣ የባጃጅ ሹፌር አለ፣ ሁለት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች አሉ። ከሁላችን የምትፈጥነው ነርስ ናት።

የምጽፍልዎ ስለ አንድ የእግር መንገድ ነው። ከከተማው የላይኛው ጫፍ ተነሥቶ፣ በባሕር ዛፉ መሃል አልፎ፣ ወደ ጦሳ የሚወጣው። እንጨት ተሸካሚዎቹም፣ ወደ ገበያ የሚወርዱት ገበሬዎችም፣ እኛም የምንሄድበት እሱ ነው። እየጠፋ ነው።

መነሻው በሁለት የቆርቆሮ አጥሮች መሃል ያለች ጠባብ መተላለፊያ ናት። ሩጫ ስጀምር ጭነት ያለባት አህያ ታልፍባት ነበር። አሁን እኔ ራሴ ትከሻዬን አዙሬ ነው የማልፈው። ማንም ሆን ብሎ አልዘጋትም። አንዱ ቆርቆሮ ሲቀይር አንድ ስንዝር ገፋ፤ ሌላው አጥር ሲያድስ አንድ ስንዝር ገፋ። በቀኝ በኩል በወገብ ትክክል የወጣ ሚስማር አለ። እስካሁን ሁለት ሹራብ በልቶብኛል።

ይሄ ግን ቀላሉ ነው። ትልቁ ጣጣ ከባሕር ዛፉ በላይ ነው።

እርስዎም የደሴ ክረምት ምን እንደሆነ ያውቁታል። በዚያ ላይ በልግ አለን፤ በዓመት ሁለቴ ይዘንብብናል። መንገዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ዞር ዞር አይልም። የሰው እግርና የከብት ኮቴ ደልድሎት አፈሩ እንደ ሲሚንቶ ጠጥሯል። ውሃው ስለማይሰርግ በላዩ ይሮጣል። ወደ ታች በወረደ ቁጥር ጉልበት ይጨምራል፣ አፈሩንም ይዞት ይሄዳል። አምና ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቦይ የነበረው ዘንድሮ ጉልበቴ ድረስ ነው። ቦይ ማለትም ይቅር፤ ቦረቦር ሆኗል።

እኛም ጥፋት አለብን። ቦረቦሩን ሸሽተን በዳር በዳሩ፣ በሳሩ ላይ መሮጥ ጀመርን። ሳሩ በሁለት ወር ሞተ። በቀጣዩ ዝናብ ውሃው እኛ የረገጥነውን ተከትሎ ሁለተኛ ቦይ አወጣ። አሁን ሦስተኛውን ጀምረናል። ድጡን ሸሽቶ ወደ ማጡ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ባለፈው ሐምሌ ከተማሪዎቹ አንዱ እዚያ ቦረቦር ውስጥ ገባ። ቁልቁለት ሲሆን እግር አይታዘዝም፤ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ስለሚይዝ ቶሎ ይዝላል። ልጁ የረገጠው ዳር ተናደና ቁርጭምጭሚቱ ተጠመዘዘ። ድምፁን ከፊት ሆኜ ሰማሁት። ቢሉ ማመን ያቅታል፣ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ስብራት አይለይም። ስልክ አወጣን፤ ግን ባጃጅ እዚያ ይወጣ መሰለዎት? ያወረዱልን ከማሳቸው የነበሩ ገበሬዎች ናቸው። ሁለት አጣና ቆረጡ፣ አንደኛው አባት ጋቢያቸውን አውልቀው ዘረጉበት፣ ቃሬዛ ሆነ። አስፋልት እስክንደርስ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ልጁ አሁን ደህና ነው፤ መሮጥ ጀምሯል።

ስንሰነባበት ጋቢያቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር። "አባባ፣ አለፋንዎት" አልኳቸው።

"ምን ልፋት አለው" አሉኝ። "ይልቅ ለዚህ መንገድ ፈሰስ አውጡለት። እኛ ለማሳችን እናወጣለን። ለመንገዱ ማን ያውጣለት?"

ክቡር ከንቲባ፣ ይህንን ደብዳቤ የጻፍኩት በእሳቸው ንግግር ነው። ፈሰስ ምን እንደሆነ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ማሳውን ሰያፍ አቋርጦ ውሃውን ቀስ አድርጎ ወደ ዳር የሚያወጣ ቦይ ነው። ለመንገዱም የሚያስፈልገው ይሄው ነው። በየሠላሳ አርባ እርምጃው፣ ዳገቱ በከፋበት ደግሞ ቀረብ ቀረብ እያለ፣ ድንጋይ በሰያፍ ተቀብሮ ውሃው ጉልበት ሳያገኝ ወደ ሳሩ ቢቀለበስ ይበቃል። የተቦረቦረው ላይ ደግሞ ክትር፣ ማለትም ውሃውን የሚያዘገይ የድንጋይ ግርዶሽ። ድንጋዩ እዚያው አለ፤ ከሌላ ቦታ የሚጓጓዝ ነገር የለም።

ሰዉም አለ። በየዓመቱ ጥር ላይ ሕዝቡ ለተፋሰስ ልማት ይወጣል። እርከን ይሠራል፣ ክትር ይሠራል። ደቡብ ወሎ ለዚህ ሥራ አዲስ አይደለም። እኔ የምለምንዎ የዘንድሮው የጥር ዕቅድ ሲወጣ የጦሳ የእግር መንገድ አንድ መስመር ሆኖ እንዲገባበት ነው። እኛም አካፋና ዶማ ይዘን እንመጣለን።

ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ሌክ ዲስትሪክት የሚባል ኮረብታማ አገር አለ። እዚያ የኮረብታ ሩጫ የቆየ ባህል ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. ቦብ ግራሃም የሚባል፣ እንግዳ ማረፊያ የነበረው ሰው፣ 42 ጫፎችን በ24 ሰዓት ውስጥ ዞሮ ጨረሰ። እስከ ዛሬ ሰዎች ያንኑ ዙር ለመድገም ይሞክራሉ። የእንግሊዝ ረጅሙ ተራራ እዚያው ነው፤ 978 ሜትር። ይሳቁ እንጂ! ኮምቦልቻችን እንኳ ወደ እጥፍ ትረዝመዋለች። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ናት፤ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አራተኛ ያህል ሳስቶ ነው የምንተነፍሰው። እኛ እንግዲህ ከአልጋችን ስንነሣ ተራራ ላይ ነን። እነሱ ግን በዚያች 978 ሜትር ላይ ውሃ የሚቀለብስ ድንጋይ ይቀብራሉ፣ ሯጩም ለውድድር ሲወጣ ዝናብ መከላከያ፣ ካርታ፣ ኮምፓስና ፊሽካ እንዲይዝ ይጠየቃል። የፊሽካው ሕግ ቀላል ነው። የተቸገረ ሰው በደቂቃ ስድስት ጊዜ ይነፋል፣ አንድ ደቂቃ ይጠብቃል፣ ይደግማል። ይሄን እኛም ወስደነዋል። የነርሷ ፊሽካ የመንደሩን ውሻ ሁሉ ይቀሰቅሳል፤ እሱ ሌላ ችግር ነው።

ፊሽካ ካነሣሁ ስለ ጉሙም ልንገርዎ። አምና ነሐሴ፣ ቡሄ ሰሞን፣ ብቻዬን ወጣሁ። ሞኝነት ነበር። ላይኛው ሜዳ ስደርስ ጉሙ ከገራዶ በኩል መጥቶ ዋጠኝ። የዘረጋሁትን እጄን አላይም። መንገዱ ደግሞ ሳር ላይ ሲደርስ ይበተናል፤ አምስት ስድስት የከብት ዱካ ይሆናል። አንዱን ተከትዬ ወረድኩ፤ ገደል አፋፍ አደረሰኝ። ተመለስኩ። ሌላውን ያዝኩ፤ እሱም ጠፋ። ላቤ ደርቆ ጥርሴ መንገጫገጭ ሲጀምር "ጧ!" የሚል ነገር ሰማሁ። ጅራፍ ነው። ጮኼ ተጣራሁ። ከጉሙ ውስጥ አንድ የልጅ ድምፅ "ወደ እኔ ና ጋሼ! ድምፁን እየሰማህ ና!" አለኝ። ያጮኻል፣ እሄዳለሁ። ያጮኻል፣ እሄዳለሁ። ስደርስ ወገቤን የማይሞላ እረኛ ነው፣ ፕላስቲክ ለብሶ፣ ከሦስት በጎች ጋር። መንገዱ ከእግሩ ሥር ነበር።

ሁልጊዜ ጅራፍ የያዘ ልጅ አይገኝም። ስለዚህ ሁለተኛው ልመናዬ ኖራ ነው። ከዛፉ በላይ ባለው ሜዳ ላይ፣ አንዱ ድንጋይ ጋ ሆነው ቀጣዩ በጉም ውስጥ እንዲታይ ተቀራርበው፣ ድንጋዮች ተከምረው ኖራ ቢቀቡ። የአንድ ቀን ሥራ ነው። መነሻው ላይ ደግሞ አንዲት ሰሌዳ ብትቆም ደስ ይለኛል፤ ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሰዓት የምትናገር። ዳገት ላይ ኪሎ ሜትር ይዋሻል። ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣት ስሌት አለች፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር አቀበቱ ሌላ አንድ ሰዓት። የእግረኛ ናት። ከኮምቦልቻ ደሴ በእግር የሚመጣ ሰው ለከፍታው ብቻ ከሰዓት በላይ ይጨምራል ማለት ነው። እኛ ሞክረነዋል፤ አልዋሸችም።

ኮምቦልቻን ካነሣሁ አይቀር፣ በሐረጎ በኩል የምንወርደው አንዳንድ እሁድ ነው። ጃኬት ለብሰን ተነሥተን በካናቴራ እንደርሳለን። በአስፋልቱ ግን አንሮጥም። ሲኖትራክ እየወረደበት ማን ይሮጣል? ገበሬው የሚሄድባቸውን አቋራጮች እንይዛለን። ከኮምቦልቻ አስተዳደር ጋር ስትነጋገሩ እነዚያንም ቢያስታውሱልን።

አሁን የምፈራውን ልናገር። የኮሪደር ልማቱ ከተማውን እየቀየረው ነው፤ የእግረኛ መንገዱን እወደዋለሁ፣ ማታ ማታ ከልጆቼ ጋር እሄድበታለሁ። ጦሳ ላይ ግን እባክዎን ኮብልስቶን አያንጥፉብን! ሲዘንብ ሳሙና ነው፤ ሲደርቅ ለጉልበት ጠላት። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች በኮንጎ ጫማ ሲረግጡት ይታይዎ። አፈሩ ይበቃናል። አፈሩ እንዳይሄድ ብቻ ይርዱን።

ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት በቃል አቅርበን ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ ውስጥ አንድ ትሑት ወጣት ተቀብሎን "ማኅበር ናችሁ?" አለን። አይደለንም። "ማህተም አላችሁ?" የለንም። "እንግዲያው በማን ስም ልመዝግባችሁ?" ልጁ እውነቱን ነው፤ ቅጹ ላይ ለእኛ የሚሆን ሣጥን የለም። ባጃጅ ነጂው ግን እስካሁን ዳገቱ በከበደ ቁጥር "ማህተም አላችሁ?" እያለ ይጮህብናል።

በማኅበር ተደራጁ ካሉን እንደራጃለን። ያ እስኪሆን ጥር እንዳያልፍብን ነው ሥጋቴ። የሚቀጥለው በልግ የካቲት ላይ ይጀምራል።

ጊዜ ካገኙ መጥተው ይዩት። እሁድ ከንጋቱ 12 ሰዓት መተላለፊያዋ ጋ እንሰበሰባለን። ቀስ ብለን ነው የምንወጣው፣ አናደክምዎትም። ሚስማሩ በቀኝ በኩል ነው፤ በግራ ይጠጉ። ከዚያ ያለው ቡናማ ውሻ ጯኺ ነው እንጂ አይነክስም፤ ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ጎንበስ ካሉ ይሄዳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የፒያሳው ባለሱቅ