ደብዳቤ ለልጄ፦ ሌባውን ከመጥራትሽ በፊት

ሐይቅ

ለምወድሽ ልጄ ለሐያት፤

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከረምሽ የኔ ሸጋ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽም ታናናሾችሽም ሰላም ብለውሻል። የላክሽው ደብተር በሰላም ደርሶኛል፤ ታሪክሽንም አንብቤ ጨርሻለሁ። እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ በስልክ ያልሽኝን ልመልስልሽ። አክስትሽ "ይሄ የሌባና የፖሊስ መጽሐፍ ምን ይጠቅማታል፣ ትምህርቷን አታጠናም ወይ?" አለች አልሽ። ስለምትወድሽ ነው፣ አትቀየሚያት። ጥናትሽን አስቀድሚ። ከዚያ በኋላ ግን አንብቢያቸው። አብሽሪ፣ አክስትሽን እኔ አነጋግራታለሁ። እንዲያውም እንዳትተያቸው እፈልጋለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ሥራዬን ታውቂያለሽ። ውሎዬ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው። የምስክር ቃል ሲሰጥ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ምስክሩ "በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ" ብሎ ይጀምራል። ዳኛው ረጋ ብለው የት ቆሞ እንዳየ፣ ምን ያህል ይርቅ እንደነበረ፣ መሽቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ይጠይቁታል። ትንሽ ቆይቶ "አየሁ" ያለው "ሰዎች ሲሉ ሰማሁ" ይሆናል። ሰውየው ሊዋሽ ላይመጣ ይችላል። ወሬው ተደጋግሞ ሲነገር ያየው መስሎት ነው። በዚህ መሀል አንድ ሰው "ሌባ" ተብሎ ተቀምጧል። ነጻ ቢወጣ እንኳ ሰፈሩ ቶሎ አይረሳለትም። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይናገራል። ሕጉ ተጽፏል። ልቡ ግን ከልጅነት ካልተለማመደ ሲያድግ ይከብዳል። ጥሩ የምርመራ ልቦለድ ልብን የሚያለማምደው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የጠረጠርሽው ሰው ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ፣ ደግሞም ይህ በየመጽሐፉ ሲደጋገም፣ ጣትሽን ከመቀሰርሽ በፊት ቆም ማለት ትለምጂያለሽ።

አያትሽ አባባ ማታ ማታ የሚነግሩን የግመል ታሪክ ነበር። አንቺ ሕፃን ሆነሽ ስለሞቱ ከሳቸው አልሰማሽውም። ታሪኩ የጥንት ዓረቦች ነው። ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ጦበሪ መዝግቦታል፤ እሱ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ923 ነው። እንግሊዞቹ ስለ መርማሪው ሼርሎክ ሆምስ መጻፍ ከመጀመራቸው አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ይቀድማል ማለት ነው።

የኒዛር አራት ልጆች፣ ሙዶር፣ ረቢዓ፣ ኢያድና አንማር፣ በውርስ ጉዳይ ወደ ነጅራን ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። መንገድ ላይ ግመል የጋጠው ሣር ያያሉ። ሙዶር "ይህን የጋጠው ግመል አንድ ዓይና ነው" አለ። ረቢዓ "አንካሳም ነው" አለ። ኢያድ "ጭራ የለውም" አለ። አንማር "ከጌታው የኮበለለ ነው" አለ። ጥቂት እንደሄዱ ግመል የጠፋበት ሰው አገኙ። የግመሉን ምልክት አንድ በአንድ ነገሩት። ሰውየው ደስ ብሎት "አዎ የኔ ነው፣ የት አለ?" ሲላቸው፣ አላየነውም ብለው ማሉ። እንዴት ይመን? ሳያዩት ይህን ሁሉ ከየት አወቁት? እናንተው ናችሁ የወሰዳችሁት ብሎ ሙጥኝ አለባቸው። ተያይዘው ዳኛው ፊት ቀረቡ።

ዳኛው ሳታዩት እንዴት ነገራችሁት አላቸው። ሙዶር ሣሩ የተጋጠው በአንድ ወገን ብቻ ስለነበር ሌላው ዓይኑ እንደማያይ አወቅሁ አለ። ረቢዓ የአንዱ የፊት እግር ዱካ የጠለቀ፣ የሌላው የተበላሸ ስለነበር ነው አለ። ኢያድ በጠጡ አንድ ቦታ ተከምሮ ነበር፤ ጭራ ቢኖረው ወዲያ ወዲህ ሲል ይበትነው ነበር አለ። አንማር ደግሞ ለምለሙን ሣር ጀምሮ እየተወ ወደ ሳሳው ሲያልፍ አይቼ፣ ጠባቂ የሌለው እንደሆነ ገባኝ አለ። ዳኛው ለባለ ግመሉ፣ ግመልህን የያዙት እነዚህ አይደሉም፣ ሂድና ሌላ ቦታ ፈልግ አሉት።

የጭራው ነገር በልጅነቴ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ባቲ ሰኞ ገበያ በሄድን ቁጥር ግመሎቹ ሲጥሉ ቆሜ እመለከት ነበር። እውነትም ይበትኑታል! አሁን ሳድግ ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ባለቤቱ ነው። ልጆቹን ሌባ ያስባላቸውም ነጻ ያወጣቸውም ያው አንዱ እውቀታቸው ነው። ልዩነቱ ዳኛው "እንዴት አወቃችሁ?" ብሎ መጠየቁ ብቻ ነው። መርማሪ ማለት ለኔ ይህን የሚጠይቅ ሰው ነው።

በአገራችንም ሌባ የሚፈለግበት የራሱ መንገድ ነበረው። ሌባሻይ ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ያጠጡታል። ወገቡ ላይ መቀነት አስረው አንድ ሰው ጫፉን ይዞ ይከተለዋል። ልጁ በየመንደሩ ሲንገዳገድ ሄዶ የገባበትና የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል፤ ይከፍላል። ማስረጃ የለ፣ ጥያቄ የለ። ለልጁም ለባለቤቱም አዝናለሁ። ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለምርመራ ታሪክ ጸሐፊዎች አሥር ሕግ አውጥቶ ነበር። ከነዚያ አንዱ መናፍስትና ተአምር ሌባ እንዳያስይዙ የሚከለክል ነው። ቄስ ሆኖ ይህን ማለቱ ደስ ይለኛል። ሃይማኖቱን በቦታው አስቀምጦ፣ ሰው ሲከሰስ ግን በሰው አእምሮ ይመርመር አለ።

ሌላው አውጫጭኝ ነው። አፈርሳታም ይሉታል። ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል የአገሬው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ተመርጠው እያንዳንዱን ያስምላሉ፣ ይጠይቃሉ። ጥፋተኛው እስኪወጣ ጉባኤው አይበተንም፤ ዛሬ ካልተገኘ ሌላ ቀን ይቀጠራል። የሚያውቅ ሰው ስሙ ሳይገለጥ ለሽማግሌ ሹክ ሊል ይችላል፤ እሱን "ወፍ" ይሉታል። ጥፋተኛው ከታጣ አገሩ በሙሉ አዋጥቶ ይከፍላል። ይሄኛው ከሌባሻይ እጅግ ይሻላል፣ ቢያንስ ሰው ይጠየቃል። ግን አስቢው። ሥራ ፈትቶ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሕዝብ፣ መዋጮ የፈራ ሕዝብ፣ ቶሎ ወደ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል። ዘመድ የሌለው፣ መጤው፣ ከጎረቤት የማይስማማው ሰው ያን ጊዜ አያድርስበት።

የእንግሊዝ ደራሲዎች ተጠርጣሪዎቻቸውን አንድ ላይ ለመያዝ ስንት ዘዴ ይፈጥራሉ። ጀልባ የሌለው ደሴት ይላሉ፣ በረዶ ያቆመው ባቡር ይላሉ። እኛ ሜዳው አለን። ማንም አይወጣም፣ ሁሉም ይምላል፣ ከመሀላቸው አንዱ ዋሽቷል፣ አንዱ ደግሞ ወፍ ነው። ይህን የመሰለ ታሪክ በአማርኛ ለልጆች ቢጻፍ እኔ ራሴ ተሰልፌ እገዛዋለሁ።

ከትምህርት ቤትሽ ቤተ መጻሕፍት አውጥተሽ ያነበብሽውንና በስልክ የተረክሽልኝን ‹ኤሚልና መርማሪዎቹ›ን አልረሳሁትም። ኤሪክ ኬስትነር የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1929 ያሳተመው ነው። ኤሚል ባቡር ውስጥ ሲያንቀላፋ እናቱ የሰጠችውን 140 ማርክ ይሰረቃል። ጓደኞች አፍርቶ ሌባውን በርሊን ከተማ ውስጥ ይከታተለዋል። ባንክ ቤት ሲይዙት ሰውየው ሽክ ያለ ትልቅ ሰው፣ ኤሚል ደግሞ የገጠር ልጅ ነው። ማን ይታመናል? ያን ጊዜ ኤሚል ብሩን ኮቱ ውስጥ በስፒል አያይዞት እንደነበር ትዝ አለው። ብሮቹ ወደ ብርሃን ከፍ ተደርገው ሲታዩ የስፒሉ ቀዳዳ አለባቸው። አለቀ! ሒጃብሽን የምትይዢበት ዓይነት አንድ ስፒል ትልቁን ሰውዬ ረታው። እናቱ ፀጉር እየሠራች ያገኘችው ገንዘብ ተመለሰ። ስፒሉን ደግሞ ጸሐፊው ከመጀመሪያው አሳይቶን ነበር፤ አልደበቀብንም። የዚህ ሰው ሌሎች መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1933 በርሊን አደባባይ ላይ በናዚዎች ሲቃጠሉ እሱ ራሱ ቆሞ አይቷል። ኤሚልን ግን ልጆች በጣም ስለወደዱት ያን ቀን ሳይቃጠል ቀረ።

የወጣቷን መርማሪ የናንሲ ድሩን መጻሕፍትም ጀምሬያለሁ ብለሽኛል። ጥሩ ነው፣ ልጅቷ ደፋር ናት። ሽፋኑ ላይ ደራሲ ተብላ የተጻፈችው ካሮሊን ኪን የብዕር ስም ብቻ ናት። እ.ኤ.አ. በ1930 የወጡትን የመጀመሪያዎቹን የጻፈችው ሚልድረድ ዊርት ቤንሰን ነበረች፤ ከሷ በኋላም ሌሎች ጽፈዋል። አንድ ነገር ግን እንድታውቂ እፈልጋለሁ። በድሮዎቹ ቅጂዎች ውስጥ ጥቁሮችና የውጭ ዜጎች የሚሳሉበት መንገድ የሚያሳፍር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ አሳታሚዎቹ መጻሕፍቱን እንደገና እንዲጻፉ አደረጉ፤ አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። ስለዚህ መርማሪ ታሪክ ስታነቢ ሌባው ማን እንደሆነ ብቻ አትፈልጊ። ጸሐፊው ቶሎ እንድትጠረጥሪ የሚፈልገው ማንን እንደሆነም እዪ። ድሃውን ነው? መጤውን ነው? ሠራተኛዋን ነው?

አሁን ወደ ደብተርሽ ልምጣ። አጻጻፍሽ ያምራል። መርማሪሽ ኢንስፔክተር ጆን በለንደን ጭጋግ ውስጥ ሲሄድ ዱካው የሚሰማበት ገጽ በጣም ደስ ብሎኛል። ግን ጭጋጉን ለምን ከለንደን አመጣሽው? ጠዋት ከጦሳ ተራራ ላይ የሚወርደውን የደሴን ጭጋግ በየቀኑ እየረገጥሽው አይደል ትምህርት ቤት የምትሄጂው? የሚሰረቀው የአንገት ጌጥም ቢሆን የሙሽራ ጥሎሽ ወርቅ ይሁን። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለ የሠርግ ቤት አድርጊው። ድንኳን ተጥሎ፣ ሴቶቹ ጓዳ ሞልተው፣ አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ ወርቁ ይጥፋ። ኢንስፔክተሩንም ተይው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ትመርምር፤ ሰሃን እየሰበሰበች ሁሉም ክፍል መግባት ትችላለች፣ ማንም ልብ አይላትም።

የማልስማማበት ሁለት ቦታ አለ። ሌባው መጨረሻው ገጽ ላይ ድንገት የመጣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው ነው። ቀድሞ የት ነበር? አንድም ገጽ ላይ አላየሁትም። እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱ ከጥያቄው ውስጥ ከሌለ "አገር ስጠኝ" ብትይኝ እሰጥሻለሁ እንዴ? አልሰጥም። ሌባሽን መጀመሪያ ላይ አስገቢው። ሻይ ይጠጣ፣ ይሳቅ፣ ሙሽራዋን እንኳን ደስ ያለሽ ይበላት። እኔ አይቼው እንዳላየሁት ልለፍ።

ሁለተኛው ሠራተኛዋ ናት። ስም አልሰጠሻትም፣ "ሠራተኛዋ" ብቻ ነው የሚላት። ይጠረጥሯታል፣ ሻንጣዋን ይበረብራሉ፣ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ወርቁ ሲገኝ ታሪኩ ያልቃል። እሷስ? ይቅርታ የጠየቃት የለም። ስም ስጫት። ከየት እንደመጣች ንገሪኝ፤ ከወረባቦ ትሁን፣ ከአምባሰል ትሁን። ሻንጣዋን ሲበረብሩ ውስጡ ምን ነበር? ከእናቷ የመጣ ደብዳቤ? ለማታ ትምህርት የገዛችው ደብተር? እሱን ስትጽፊ የሚያነብሽ ልጅ ወርቁን ለጊዜው ይረሳዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ጎረቤቱ ቤት ዕቃ ሲጠፋ ግን እሷን ያስታውሳታል። እኔ ይህን ክፍል ሁለት ሦስት ገጽ አድርገሽ ብትጽፊው እመርጣለሁ።

ለአክስትሽ ትንሽ ማር ልኬያለሁ፣ ስትቀበዪ ክዳኑን አጥብቂው። ለአንቺ ወረቀቱ ወፈር ያለ ደብተር አለበት። የፈተና ጊዜሽ እስኪያልፍ አትንኪው፣ እሺ?

ገጽ ሦስት ላይ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ሁለት ነው ብለሻል። አንዱ እመቤቲቱ አንገት ላይ ነው። ሁለተኛው ከዚያ ወዲህ አልተነሳም። የት እንዳለ በስልክ እንዳትነግሪኝ። አዲሱን ስትጽፊ የሆነ ቦታ አስቀምጪውና ላኪልኝ፣ እኔ ራሴ ልፈልገው።

አባትሽ