ስለ ኦክቶበሩ የፊዮርድ ጉዞ፣ ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ባለፈው ሳምንት እዚህ ኖርዌይ ያሉት የጋይራንገር ፊዮርድ (በገደሎች መሃል ወደ የብስ የገባ ጠባብ ባሕር) እና የትሮልስቲገን መንገድ ከኦክቶበሩ ጉዞ መውጣታቸውን በአጭር መልእክት ነግሬያችሁ ነበር። ዋጋው ግን አይቀንስም ብዬ። ከዚያ በኋላ የጻፋችሁትን ሁሉ አንብቤዋለሁ። «ለጋይራንገር ቀብድ ተቀብሎ ሌላ ቦታ መውሰድ ምን የሚሉት ነው?» ያላችሁ አላችሁ። «ሰውዬው ጠገበ» ያለም አለ። ያቺን ቃል ሁለት ቀን ይዣት ዞርኩ።

እንዲህ ያለ ነገር በሁለት መስመር መነገር አልነበረበትም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ። ውሳኔውን ግን አልቀይረውም።

ትሮልስቲገንን በፎቶ የምታውቁት የበጋውን ነው። በ1936 የተከፈተ፣ 11 ጥምዝ ያለው የተራራ መንገድ ነው። ክረምት ሲመጣ ይዘጋል። መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው በረዶው እንጂ ካሌንደር አይደለም። በ2024 ደግሞ በረዶም አልጠበቀም፤ ቋጥኝ እየተናደ በጋውን ተዘግቶ ከረመ። እኔ ባለፈው ኦክቶበር ሰባት ሰው ጭኜ ስደርስ መዝጊያው ወርዶ ጠበቀኝ። በዚያ ቀን መኪናው ውስጥ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ማንም ምንም አላለኝም። ዝምታው ግን ከስድብ ይከብድ ነበር። መንገዱን በሌላ በኩል ዞረን ማደሪያችን የገባነው እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ነው፤ ልጆቹ ራት ሳይበሉ ተኙ።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ጎንደር–ሽሬ መስመር፣ በሊማሊሞ። ጭጋግ የወረደ ቀን መኪናውን አቁሞ ሻይ ያዛል። ባለ ንብረቱ እየደወለ ቢጮህም ሻዩን አይተወውም። ልጅ ሆኜ ፈሪ ይመስለኝ ነበር።

ሌላው የብርሃን ጉዳይ ነው። እኛ አገር መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይጠራል፣ አደይ ይፈነዳል። እዚህ ግን መጸው ማለት ቀኑ እጅህ ላይ የሚያልቅበት ወቅት ነው። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ከተመለሰ በኋላ በኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል። ከበርገን ጋይራንገር ደግሞ ጀልባ መሻገሪያውን ጨምሮ የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ነው። ስለዚህ ያንን ሁሉ ብር ከፍላችሁ የምታዩት የመኪናዬን መብራት ነው። የጋይራንገር ፏፏቴዎችም ቢሆኑ አይታመኑም። ሰባቱ እህትማማቾች የሚባሉት በሜይና በጁን፣ በረዶ ሲቀልጥ፣ ሰባት ናቸው። መጸው ላይ ዝናብ ካልጣለ ግማሾቹ ቀርተው ታገኟቸዋላችሁ።

አሁን «ሌላ ቦታ» ስላላችሁት ልናገር። ቅር ያለኝ እሱ ነውና።

ከበርገን ተነስተን ወደ ሃርዳንገር ፊዮርድ እንወርዳለን። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር የአፕል ጊዜ ነው። ዳገቱ በሙሉ ቀይ ይሆናል። ገበሬው ከረጢቱን ከመንገድ ዳር ያስቀምጥና ይሄዳል፤ ሻጭ የለም፣ ብሩን ሳጥን ውስጥ ትከታላችሁ። አንድ ደንበኛዬ ሦስቴ ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ካሜራ ይኖራል» አለኝ። ከዚያ በቮስ ከተማ አድርገን ጉድቫንገን መንደር እንደርሳለን። እዚያ እናንተ በናሮይ ፊዮርድ የምትሄደውን ጀልባ ትሳፈራላችሁ።

ናሮይ ፊዮርድ ከጋይራንገር ጋር በአንድ ቀን፣ በ2005፣ በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። ትርፍራፊ አይደለም። በጠባቡ ቦታ ስፋቱ 250 ሜትር ነው፤ ግራና ቀኙ ገደል። ጀልባዋ በኤሌክትሪክ ስለምትሄድ ሞተር አያደነቁራችሁም። ውሃው ሲንጠባጠብ፣ ከኡንድሬዳል መንደር በኩል የፍየል ቃጭል ሲያቃጭል ይሰማል። ሁለት ሰዓት ያህል ትሄዱና ፍሎም መንደር ትወርዳላችሁ። እኔ በዚህ ጊዜ ባዶ መኪና እየነዳሁ፣ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ የመኪና ዋሻ አልፌ፣ በ20 ደቂቃ ፍሎም ገብቼ ቡናችሁን አፈላለሁ። ጀልባዋ ላይ ራሴ ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል። ለኔም ትኬት ከቆረጥኩ ትርፉ አለቀ ማለት ነው።

በማግስቱ ስቴጋስታይን እንወጣለን። ከባሕሩ 650 ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ውጭ የተዘረጋ የእንጨት ድልድይ ነው፣ መጨረሻው መስታወት። ከዚያ የላርዳልን ዋሻ እናያለን፤ 24.5 ኪሎ ሜትር፣ መሃሉ ላይ በሰማያዊ መብራት የደመቁ አዳራሾች ያሉት። ይሄ መስመር ዝናብ አያገኘውም አልልም። በ2014 ኦክቶበር መጨረሻ ፍሎም ላይ ወንዙ ቤት ጠራርጎ ወስዷል። እዚህ ግን መመለሻ አላጣም። በርገን ቅርብ ነው።

አንዲት እናት አስታውሳለሁ፤ ልጃቸው ከአዲስ አበባ አስመጥቷቸው ነው። «ይሄ ባሕር ነው» ስላቸው ጎንበስ ብለው በጣታቸው ቀመሱት። «ጨው የለውም፣ ዋሸኸኝ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ የወንዙ ውሃ ከላይ ስለሚንሳፈፍ ብዙም ጨው አይልም። እስከ ማታ ድረስ «አንተ ውሸታም» እያሉ ሲጠሩኝ ዋሉ። ይሄን ሥራ የያዝኩት ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። ዘጠኝ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቼ፣ ባጠራቀምኩት ብር አንድ ያገለገለ ቫን ገዝቼ ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያ መንገደኞቼ የሠርግ እንግዶች ነበሩ። ግማሾቻችሁ በነሱ አፍ ነው የመጣችሁልኝ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ሂሳቡ ይሄ ነው። በጋይራንገሩ መንገድ መኪና በፌሪ (መኪና በሚጭን ጀልባ) ማሻገር የሚከፈለው ባብዛኛው በመኪናው ነው። የናሮይ ጀልባ ግን በየነፍስ ወከፉ ነው። ነዳጁ፣ የመንገድ ክፍያው፣ ኢንሹራንሱ፣ ሁለተኛው ዙር የክረምት ጎማ አለ። ማደሪያው «የቱሪስት ወቅት አልፏል» ብሎ አልቀነሰልኝም። በዚያ ላይ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ስምንት ሳይሆን ስድስት ሰው ብቻ ነው የምጭነው። ባለፈው ዓመት ጉልበታችሁ አገጫችሁ ላይ ደርሶ እንደነበር የነገራችሁኝ እናንተው ናችሁ። ሁለት ወንበር ባዶ መሄድ ማለት ለኔ ምን እንደሆነ አስቡት። ጠገበ ላለው ወንድሜ ደረሰኞቹን ላሳየው ዝግጁ ነኝ። ከምሬ ነው።

ጋይራንገርን ካላየሁ ያላችሁ፣ በጁን እወስዳችኋለሁ፣ በቀብዳችሁ። ቀብዱን መልሱልኝ ያላችሁም እስከ ሳንቲሙ ይመለስላችኋል፤ ምክንያት አልጠይቅም። ግን ከመሰረዛችሁ በፊት አንዴ ደውሉልኝ። የቆየ ደንበኛ በአጭር መልእክት ሲለየኝ ይከብደኛል። እኔም በአጭር መልእክት እንደጀመርኩት አውቃለሁ።

ለምትመጡት፦ ጃንጥላ አታምጡ፣ ነፋሱ ይገለብጠዋል። ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ጫማ ይበቃል። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ አስቀድማችሁ ንገሩኝ፣ ሽሮው በፔርሙስ ይመጣል። ቀን ቀን ስለምነዳ ስልክ የማነሳው ማታ ነው።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤትና ሹፌር
በርገን