ከማታውቂው ሰው ጋር ስትጠልቂ

ልጄ፣

አየር በጀርባሽ አዝለሽ ውሃ ውስጥ ለመጥለቅ ብቻሽን እንደምትሄጂ፣ አብሮሽ የሚጠልቀውን ጥንድሽንም እዚያው ጀልባው ላይ እንደሚመድቡልሽ ከነገርሽኝ ወዲህ አንድ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ አለ። እስከ ዛሬ ነግሬሽ አላውቅም።

ከብዙ ዓመት በፊት እኔም እንዲሁ ከማላውቀው ሰው ጋር ተመደብኩ። ስም ተለዋወጥን፣ ፈገግ ተባባልን፣ ዘለን ገባን። 18 ሜትር ላይ ዞር ስል ወደ እኔ እየመጣ ነው። ዓይኖቹ መነጽሩን ሞልተውታል። መዳፉን አንገቱ ላይ እንደ ቢላ አመላለሰ። አየር አልቆበታል። ቢጫውን ትርፍ መተንፈሻ፣ ኦክቶፐሱን፣ ልሰጠው እጄን ወደ ደረቴ ስሰድ እሱ አፌ ውስጥ ያለውን መንጭቆ ወሰደ።

በኋላ ነው የገባኝ። እሱ የተማረው ዋናው መተንፈሻ ረጅም ቱቦ ባለው ዕቃ ነው። በእነሱ ዘንድ ለተቸገረ ሰው የሚሰጠው አፍ ውስጥ ያለው ነው፤ ሰጪው አገጩ ሥር ያንጠለጠለውን ትርፍ ይጎርሳል። እኔ ደግሞ ቢጫውን ስጥ ተብዬ ነው የተማርኩት። ሁለቱም ልክ ነው። ግን አልተነጋገርንም። ቢጫውን ጎረስኩ፣ ቁልፉን ተጭኜ ውሃውን አስወጣሁ፣ ተነፈስኩ። የወሰደብኝ ቱቦ አጭር ስለሆነ ፊት ለፊት ተጣብቀን፣ የጃኬቱን ማንገቻ ጨምድጄ ይዤ ወጣን። ጀልባው ላይ ሆነን እንኳ ጣቶቼ አልላቀቅ ብለው ነበር።

አደራሽን፣ ይሉኝታ አይያዝሽ። ከመዝለላችሁ በፊት «አየር ቢያልቅብኝ የቱን ትሰጠኛለህ?» በዪው። በእጁ ነክቶ ያሳይሽ። አንቺም የራስሽን አስነኪው። በሲሊንደሩ ውስጥ የቀረው የአየር ግፊት 100 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲደርስም እንዲነግርሽ ተነጋገሩ።

አየሩ ለሁለት ሲሆን እንዴት እንደሚሮጥ አስቢው። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር 50 ባር ሲቀረው የያዘው 600 ሊትር ገደማ ነው። ሁለት የደነገጡ ሰዎች በውሃው ወለል ልክ በደቂቃ 30፣ 30 ሊትር ቢስቡ፣ 20 ሜትር ላይ ግፊቱ 3 እጥፍ ስለሆነ 180 ሊትር ይሆናል። ከ3 ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። በደቂቃ 9 ሜትር ስትወጪ ከ2 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። እዚያ ታች ለመግባባት የሚተርፍ ጊዜ የለም። 5 ሜትር ላይ ለጥንቃቄ ለ3 ደቂቃ የምትቆሚውም አየሩ ከበቃ ነው፤ ካልበቃ እለፊው። ትንፋሽሽን ግን በፍጹም እንዳትይዢ፤ ሽቅብ ስትወጪ አየሩ ሳንባሽ ውስጥ እየሰፋ ነው የሚሄደው።

ሰውዬው ጥያቄሽን ከናቀ ሌላ ይመድቡልሽ። ሌላ ካልተገኘ ቀኑን ተዪው፣ የከፈልሽውን እኔ እሸፍናለሁ። ስትወጪ ደውዪልኝ።

አባትሽ